«ከዚያም አንድም አልቀረም»፦ የ2015ቱ ተከታታይ ፊልም የመጽሐፉን ወንጀሎች መለወጡ ተገቢ ነበርን?

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)

ውድ የወንጀል ልብ ወለድ ወዳጆች፣ ታሪኩን ገና ያላነበባችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች ያለውን እንዳታነቡ አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ገዳዩን ሳልጠራ ጥያቄዬን ላቀርብ አልችልምና።

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመችውን ይህን ልብ ወለድ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 በሦስት ተከታታይ ምሽቶች ያሳየውን፣ ሣራ ፌልፕስ የጻፈችውንና ክሬግ ቪቬሮስ ያዘጋጀውን ፊልም ግን ያየሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ትወናው ማርኮኛል። በተለይ ቻርልስ ዳንስ ዳኛ ዋርግሬቭን ሆኖ ሲጫወት ዝምታው ከንግግሩ ይበልጥ ያስፈራል፤ ክሱን የያዘው የግራሞፎን ሸክላ የሚጫወትበትን ትዕይንት የእያንዳንዱን ተከሳሽ ፊት ለማየት ስል መልሼ መላልሼ አይቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

እንደምታስታውሱት፣ በእንግሊዝ ካለው የዴቨን የባሕር ጠረፍ ራቅ ባለች ደሴት አሥር ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከእራት በኋላ ከሸክላው የሚወጣው ድምፅ እያንዳንዳቸውን በስም እየጠራ በሰው ሞት ይከሳቸዋል፤ ከዚያም በአንድ የልጆች ግጥም ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይሞታሉ። በመጽሐፉ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ፈጽመዋቸዋል የተባሉት ወንጀሎች አብዛኞቹ እጅ ያልነካቸው ናቸው። አሳላፊው ሮጀርስና ሚስቱ ያስታምሟት የነበረችው አሮጊት የሞተችው የልብ መድኃኒቷን በሚያስፈልጋት ሰዓት ስለነፈጓት ነው። ጄኔራል ማክአርተር የሚስቱን ውሽማ ወደማይመለስበት ግዳጅ ላከው እንጂ ራሱ አልተኮሰበትም። የቀድሞው ፖሊስ ብሎር በሐሰት መሰከረ፤ ንጹሑ ሰው እስር ቤት ገብቶ ሞተ። በፊልሙ ግን ሮጀርስ አሮጊቷን በትራስ አፍኖ ይገድላታል፣ ጄኔራሉ መኮንኑን ከኋላው ይተኩስበታል፣ ብሎር ደግሞ እስረኛውን በእስር ክፍሉ ውስጥ ደብድቦ ይገድለዋል።

ይህ ለእኔ ትንሽ ለውጥ አይደለም። በመጽሐፉ መጨረሻ ገዳዩ፣ ማለትም ዳኛ ዋርግሬቭ፣ በኑዛዜው እንደሚነግረን፣ ሐሳቡ የተፀነሰው አንድ ሐኪም ሕግ ሊደርስባቸው ስለማይችላቸው ግድያዎች እግረ መንገዱን ባነሳው ወሬ ነው፤ የሐኪሙም ምሳሌ መድኃኒት ተነፍጋ የሞተች አንዲት አሮጊት ነበረች። እንግዲህ ፊልሙ የለወጠው የታሪኩ ሁሉ ዘር የሆነውን ያንኑ ወንጀል ነው ማለት ነው። እጃቸው በደም የተነከረ ሰዎች ከሆኑ ዳኛው ለምን አስፈለገ? ተራ መርማሪ ፖሊስ አይበቃቸውም ነበርን? የእናንተን አስተያየት በትህትና እጠይቃለሁ።


የሕግ ሰው

ጥያቄዎ በሥራዬ በየቀኑ የሚያጋጥመኝን ጉዳይ ስለሚነካ በጥንቃቄ ልመልስ። በአንድ ነጥብ ላይ ግን ላርምዎ እወዳለሁ። «ሕግ ሊደርስባቸው የማይችል» ሲባል ሕጉ ዝም ያለባቸው ማለት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 23 ላይ ድርጊት ማለት ሕግ የከለከለውን ማድረግ ብቻ ሳይሆን ሕግ ያዘዘውን አለማድረግም ጭምር መሆኑን ይደነግጋል። በእንግሊዝም ቢሆን በሽተኛ የማስታመም ግዴታ ያለበት ሰው መድኃኒት ነፍጎ ቢገድል ሊጠየቅ ይችላል። የሮጀርስ ባልና ሚስት ያመለጡት ሕግ ስላልነበረ ሳይሆን ማስረጃ ስላልነበረ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ ሞታለች፣ ሁለቱ አይናገሩም። ሐኪሙ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ አይቆምም።

በዚህ ሚዛን ካየነው ትራሱም ቢሆን ከመድኃኒቱ ብዙ አይለይም፤ በዕድሜ የገፋችና ልበ ደካማ ሴት በአልጋዋ ላይ ሞታ ብትገኝ በዚያ ዘመን ማን ይመረምራል? የብሎርም ለውጥ ቢሆን ያስኬዳል፤ እስረኛ በፖሊስ እጅ ሞቶ ጓደኞቹ ዝም ካሉ ጉዳዩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። እኔን ያላሳመነኝ የጄኔራሉ ነው። በመጽሐፉ ያለው ጄኔራል ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ነበረው፤ በጦርነት ውስጥ ደግሞ ሰውን ወደ ሞት መላክ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ያንን ትእዛዝ ከሌሎቹ ሺህ ትእዛዞች የሚለየው በልቡ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ብቻ ነው፤ ልብን ደግሞ የትኛውም ዓቃቤ ሕግ አይመረምርም። ፊልሙ ሽጉጥ ሲያስጨብጠው ይህን ሁሉ አፈረሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት አሥር ክሶች ሁሉ ረቂቁ ይህ ነው ብዬ ስለማምን አዝኛለሁ።

ዳኛው ሴተን የተባለውን ተከሳሽ በስቅላት እንዲቀጣ ያደረገበት ጉዳይ በሁለቱም ሥራዎች መቆየቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። አንባቢ ሁሉ ዋርግሬቭ ንጹሕ ሰው ያሰቀለ ይመስለዋል፤ በመጨረሻ ግን ሰውየው በእርግጥ ጥፋተኛ እንደነበረ ይታወቃል። ከአሥሩ መካከል በተከሰሰበት ጉዳይ ንጹሕ የሆነው ብቸኛው ሰው ሁሉንም የገደለው ራሱ ነው።


ከቅንብር ክፍል

እኔ በፊልም ቅንብር ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለጸሐፊዋ ጥቂት ልከራከርላት።

መጽሐፉ የተጻፈው ከአንዱ ገጸ ባሕርይ አእምሮ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ነው። ክሪስቲ ጄኔራሉ ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ የሚያስበውን በአንድ አንቀጽ ትነግረናለች፤ እኛም ትእዛዙ የቅናት ትእዛዝ እንደነበረ ያኔውኑ እናውቃለን። ካሜራ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። አንድ መኮንን ለሌላው ወረቀት ሲሰጥ ብናሳይ ተመልካቹ የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። የውስጥ ሐሳብን በተራኪ ድምፅ እናሰማ ብንል ደግሞ በአሥር ሰዎች ታሪክ ውስጥ አሥር ተራኪ ሊኖረን ነው፤ ከዚህም በላይ ገዳዩ ከአሥሩ አንዱ ስለሆነ የእርሱን ሐሳብ ብቻ መሸሸግ ተመልካችን ማታለል ይሆናል። ክሪስቲ በቃላት ምርጫዋ ይህን አደጋ በጥበብ አልፋዋለች፤ በድምፅ ግን አይታለፍም።

ፌልፕስ የመረጠችው መንገድ ያለፈውን በቁርጥራጭ ምስል ማሳየት ነው። ገጸ ባሕርያቱ በሸክላው ድምፅ ሲከሰሱ ይክዳሉ፤ ከዚያም ሳይፈልጉት ትውስታቸው እየተቆራረጠ ይመጣባቸዋል። ለዚህ ዓይነት ቅንብር በሁለትና በሦስት ሰከንድ የሚነበብ ምስል ያስፈልጋል። ትራስ በሁለት ሰከንድ ይነበባል፤ ያልተሰጠ መድኃኒት ግን አይነበብም። ይህ የጸሐፊዋ ስንፍና ሳይሆን የሙያው ግዴታ ይመስለኛል።


የኦዴሳ ምሩቅ

ለጠያቂዋ እህታችን አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ክርክሩ ላይ የሌላውን ፊልም ታሪክ ልጨምር፤ ምክንያቱም ከ2015ቱ በፊት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው የተከተለ ፊልም መሠራቱን ብዙዎች አያውቁም።

ብዙ ጊዜ በፊልም የታየው ፍጻሜ የመጽሐፉ አይደለም። ክሪስቲ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1943 ታሪኩን ለመድረክ ስታዘጋጀው ቬራና ሎምባርድ የተባሉት ሁለት ወጣት እንግዶች ንጹሓን ሆነው በሕይወት እንዲተርፉ አደረገች፤ ወቅቱ ጦርነት ስለነበር ተመልካቹ ከቲያትር ቤት በጨለማ እንዲወጣ አልተፈለገም። ሬኔ ክሌር እ.ኤ.አ. በ1945 ያዘጋጀው ፊልም ይህንኑ ፍጻሜ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የ1965፣ የ1974 እና የ1989 ፊልሞችም እንዲሁ። ቦታው ብቻ ይቀያየራል፤ አንዴ በበረዶ የተከበበ ተራራ፣ አንዴ በኢራን ያለ ሆቴል፣ አንዴ ደግሞ የአፍሪካ ሳፋሪ ይሆናል፤ ሁለቱ ወጣቶች ግን ሁልጊዜ ይተርፋሉ።

አሥሩንም የገደለው ፊልም የኦዴሳ ፊልም ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው፣ ስታኒስላቭ ጎቮሩኺን ያዘጋጀው ሁለት ክፍል ያለው ፊልም ነው። ያን ጊዜ እዚያው ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ሩሲያኛዬ ገና ስላልጠራ ከመግባቴ በፊት ታሪኩን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ አንብቤው ነበር። የፊልሙ ደሴት የተቀረጸው በክራይሚያ የባሕር ዳርቻ ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ የቆመውን ቤት ሳይ መጽሐፉን ሳነብ በሐሳቤ የሣልኩት ራሱ ቤቱ መስሎኝ ነበር። ታቲያና ድሩቢች የተጫወተቻት ቬራ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ገመዱንና ወንበሩን ታያለች። ማንም አይናገራትም፣ ማንም አይገፋትም። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልሳለም፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ገና ወንበሩ ላይ ሳትወጣ በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው ነበር።

ለእኔ የ2015ቱ ፊልም ያጎደለው እዚህ ላይ ነው። ቬራን የተጫወተችው ሜይቭ ደርሞዲ እጅግ ጥሩ ተዋናይት ናት፤ ነገር ግን አንገቷ በገመዱ ውስጥ ሳለ ዳኛው በበሩ ይገባል፣ ሁሉንም ይነግራታል፣ እርስዋም በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ልትደራደረው ትሞክራለች፣ ከዚያም ወንበሩን ይወስድባታል። በመጽሐፉ ቬራን የገደላት ሲሪል ነው፤ ሊዋኝ እንዲሄድ የፈቀደችለትና ሰጥሞ የቀረው ልጅ። ዳኛው ገመዱን አሰናድቶ ጠበቀ እንጂ የቀረውን የሠራው ጸጸቷ ነው። ጸጸት በሚገድልበት ቦታ ላይ ገዳይ ማስገባት፣ ጠያቂዋ ስለ ትራሱ ካነሱት ቅሬታ ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው፤ እጅ የሌለበትን ሞት ወደ እጅ ሞት መለወጥ።

ዳኛው ኑዛዜውን በጠርሙስ አሽጎ ወደ ባሕር የሚጥልበት፣ ፖሊሶችም አሥር ሬሳ ይዘው ግራ የሚጋቡበት የመጨረሻው ክፍል መቅረቱ ግን አልቆጨኝም፤ የቅንብር ባለሙያው እንዳሉት ይህ የመጽሐፍ ጥበብ ነው።


የአራት ኪሎ አንባቢ

እስካሁን ስለ አሮጊቷ፣ ስለ መኮንኑ፣ ስለ እስረኛውና ስለ ልጁ ተነጋግራችኋል። ስለ ሃያ አንዱ ሰዎች ግን ማንም አላነሳም፤ እኔ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ሳነብ የቆምኩት እነርሱ ዘንድ ነበር።

ሸክላው ሎምባርድን የሚከሰው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1932 በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ነገድ አባላት በሆኑ ሃያ አንድ ሰዎች ሞት ነው። ክሱን እንደገና አንብቡት። የሌሎቹ ሟቾች ስም አላቸው፤ ጄኒፈር ብሬዲ፣ አርተር ሪችመንድ፣ ጄምስ ላንዶር፣ ሲሪል ሃሚልተን፣ በመኪና የተገጩት ሁለቱ ሕፃናት እንኳ ጆንና ሉሲ ኮምብስ ተብለው ይጠራሉ። ሃያ አንዱ ግን ስም የላቸውም፤ አገራቸውም፣ የነገዳቸውም ስም አልተጠቀሰም። የሌሎቹን ኃጢአት ሁሉ ከነስሙ አጥንቶ የመጣ ዳኛ የእነዚህን ስም ለማወቅ አልደከመም፤ ወይም ክሪስቲ ለእርሱ ስም መፈለግ አላስፈለጋትም።

ሎምባርድ በመጽሐፉ አይክድም። ጫካ ውስጥ መንገድ እንደጠፋባቸው፣ የቀረውን ምግብ ይዞ ከሌሎች ነጮች ጋር ጥሏቸው እንደሄደ በግልጽ ይናገራል፤ የአገሬው ሰዎች መሞትን እንደ አውሮፓውያን ከባድ አድርገው አያዩትም ብሎም ይጨምራል። በኋላ ቬራ «የአገሬው ተወላጆች ብቻ ነበሩ» የሚል ነገር ስትናገር የምትገሥጻት ኤሚሊ ብሬንት ናት፤ ጥቁርም ይሁኑ ነጭ ወንድሞቻችን ናቸው ትላለች። ከዚያ ቤት ሁሉ በጭካኔዋ የምትታወቀው፣ ያረገዘች አገልጋይዋን አባርራ ለሞት የዳረገቻት ሴት ናት ይህን የተናገረችው። ክሪስቲ ይህን ቃል በእርሷ አፍ ያስቀመጠችው ለምን እንደሆነ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ብሬንት በቃሏ ታምናለች፤ ነገር ግን ያ እምነት በገንዳ ልብስ ለምታጥብላት ልጅ አልደረሰም።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። እዚያ ሎምባርድ ሰዎቹን ጥሏቸው አልሄደም፤ በአልማዝ ምክንያት ገደላቸው። ጠያቂዋ እህቴ ስለሌሎቹ ወንጀሎች ለውጥ ያነሡትን ቅሬታ እጋራለሁ፤ በዚህኛው ግን ከፊልሙ ጎን ነኝ። በመጽሐፉ ያለው ወንጀል በዚያ ዘመን ለነበረ እንግሊዛዊ አንባቢ «ራስን የማዳን ጉዳይ» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ለአልማዝ ብሎ መግደል ግን ማመካኛ የለውም፤ በ1932 አውሮፓውያን በዚህ አህጉር ላይ ምን ይፈልጉ እንደነበርም ሳይደብቅ ይናገራል። ሎምባርድን የተጫወተው ኤይዳን ተርነር ወንጀሉን ሳያፍር ሲናገር ሌሎቹ እንግዶች ከሟቾቹ ሞት ይልቅ በግልጽ መናገሩ እንደረበሻቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። እንደ ምሥራቅ አፍሪካዊት ተመልካች ያን ፊት ማየቴ ዋጋ ነበረው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ርእስ ራሱ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ያለበት እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲታተም ርእሱ ተለወጠ፤ በእንግሊዝ ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቆይቷል። ርእሱንና የደሴቷን ስም ለውጠናል፤ ሃያ አንዱ ሰዎች ግን ዛሬም በፊልሙ ውስጥ ስም የላቸውም። ፌልፕስ ከለወጠቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ብትጨምር ኖሮ እደሰት ነበር።


የማታ አንባቢ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የሕግ ሰው በማስረጃ እጥረትና በሕግ ዝምታ መካከል ያለውን ልዩነት ስላሳዩኝ ጥያቄዬን አስተካክያለሁ፤ ስለ ጄኔራሉ ግን አንድ መሆናችን አስደስቶኛል።

ከቅንብር ክፍል ለጻፉልን ወንድሜ አንድ ነገር ልመልስ። ያልተደረገ ነገር በካሜራ አይታይም ብለዋል። ትናንት ማታ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ከፍቼ የሲሪልን ትዕይንት አየሁ። ልጁ ይዋኛል፤ ቬራ በባሕሩ ዳርቻ ናት። የምታደርገው ነገር የለም፤ ወንጀሉም ያ ነው። ይህን ትዕይንት ያለ ትራስ፣ ያለ ሽጉጥና ያለ ዱላ ሠርተውታል፤ ከፊልሙ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ለዚህ ልጅ ሞት የተሰጠው ትዕግሥት ለአሮጊቷም ሊሰጥ ይችል እንደነበር የሚያሳምነኝ ራሱ ፊልሙ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ጊዜ አይበቃም ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ አይታይም ቢሉኝ ግን አልቀበልም።

የኦዴሳ ምሩቅ ስለ ቬራ ሞት የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የመጽሐፉን ምዕራፍ አውጥቼ መልሼ አነበብኩት። በእርግጥ ወንበሩን በእግሯ የምትገፋው ራሷ ናት። ፊልሙን ሳይ ይህን አለማስተዋሌ አስገርሞኛል፤ ምናልባት የቻርልስ ዳንስ ድምፅ ጆሮዬን ስለያዘው ይሆናል።

የአራት ኪሎ አንባቢ ስለ ሃያ አንዱ ሰዎች የጻፉት ግን ጥያቄዬን ሳቀርብ ያልደረስኩበት ነው። ወንጀሎቹን ስዘረዝር ሦስቱን እንግሊዛውያን ሟቾች ጠርቼ እነርሱን መዝለሌን አሁን አየሁት። ዳኛው በኑዛዜው ጥፋታቸው የቀለሉት ቀድመው እንዲሞቱ እንደወሰነ ይናገራል፤ ሎምባርድ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት መቆየቱ ስለ ሃያ አንዱ ነፍስ ምን ያህል እንደመዘነላቸው ይነግረን ይሆን? ከእርሱ በኋላ የቀረችው ደግሞ አንድ ልጅ ያሰጠመችው ቬራ ናት። መጽሐፉ ያላችሁ ኑዛዜውን በዚህ ዓይን አንብባችሁ ያገኛችሁትን ብትጽፉልኝ በጉጉት እጠብቃለሁ።